ዘር ከልጓም ይስባል? በቱሉ ዲምቱ ስለተሰጠ የአምስት ቅዳሜ ሥልጠና

ባለፈው መጋቢትና ሚያዝያ በአምስት ቅዳሜዎች፣ ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ብዙም በማይርቅ አንድ የግል ማሠልጠኛ ማዕከል፣ «የወንጀል ባሕርይ ሥነ ሕይወታዊ መንሥኤዎች» በሚል ርእስ የተሰጠውን አጭር ሥልጠና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተከታትያለሁ። የሥልጠናውን አብዛኛውን ክፍል በምስጋና፣ የመጨረሻውን ሰዓት ግን በብርቱ ቅሬታ ስለማስታውሰው ሁለቱንም ሳላጋንን ለመጻፍ እሞክራለሁ። ቅሬታዬን ለማዕከሉ አስተዳደር በደብዳቤ አቅርቤ ምላሹን እየተጠባበቅሁ ስለሆነ ስሙን አልጠቅስም።

የተመዘገብኩበትን ምክንያት ማስቀደም አለብኝ፤ ግምገማዬ ከእርሱ ተለይቶ አይታይምና። በኮዬ ፈጬ አካባቢ በሚገኝ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በዩኒት ሊደርነት እሠራለሁ። ተማሪ ሲደባደብ፣ ሲሰርቅ ወይም አጥር ዘሎ ሲወጣ ጉዳዩ መጀመሪያ የሚደርሰው እኔ ዘንድ ነው። ዘንድሮ በአንድ መንፈቅ ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ በድብድብ የተከሰሰ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ነበረን። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ስለ እርሱ ስንነጋገር አንድ የማከብረው ባልደረባዬ «አባቱም ቂሊንጦ ነው ያለው፤ ምን ይደረጋል፣ ዘር ከልጓም ይስባል» አለ። ማንም አልተቃወመም፤ እኔም ዝም አልኩ። ዝምታዬ የስምምነት አልነበረም፤ የምመልስበት እውቀት ስላልነበረኝ ነው፤ ያም ዝምታ ቤት ድረስ ተከትሎኝ መጣ። የሥልጠናውን ማስታወቂያ በታክሲ መያዣው አጠገብ ባለ የመብራት ምሰሶ ላይ ተለጥፎ ያየሁት በዚያው ሳምንት ነበር።

ክፍያው 4,500 ብር ሲሆን ለመንግሥት መምህር ቀላል ገንዘብ አይደለም። አዳራሹ ሰፊና ንጹሕ ነው፤ መብራት ሁለት ጊዜ ቢጠፋም ጄኔሬተሩ ወዲያው ተነሥቷል። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ስለነበረ በዕረፍት ሰዓት የቀረበው ሻይና ቆሎ ነው። ከተሳታፊዎቹ መካከል የፖሊስ አባላት፣ ሁለት ጠበቆች፣ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞች፣ መምህራንና ልጆቻቸው ያስቸገሯቸው ጥቂት እናቶች ነበሩ። ይህ ስብጥር ለብቻው ከብዙ የመማሪያ ጽሑፍ የሚበልጥ ጥቅም ሰጥቶናል፤ መርማሪው ፖሊስና እናቲቱ አንድ ጥያቄን ከሁለት ወገን ሲጠይቁ መስማት ለኔ አዲስ ነገር ነበር።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ደካማ ነበር። አሠልጣኙ በኃላፊነት የተዘጋጁበት አልመሰለኝም፤ ከስክሪኑ ላይ እያነበቡ አለፉ። ቼዛሬ ሎምብሮዞ የተባለው ጣሊያናዊ ሐኪም በ1876 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራው ወንጀለኛ ሆኖ የሚወለድ ሰው እንዳለና በራስ ቅሉ፣ በመንጋጋውና በጆሮው ቅርጽ ሊታወቅ እንደሚችል ማስተማሩን ነገሩን፤ ይህ አስተሳሰብ ለምን እንደወደቀ ግን በሁለት ዐረፍተ ነገር ብቻ ታለፈ። ትልቁ ስሕተት ሎምብሮዞ እስረኞችን እየለካ ያገኘውን መልክ ካልታሰሩት ሰዎች ጋር በሚገባ አለማመሳከሩ ነበር፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ጎሪንግ በ1913 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት በሺዎች የሚቆጠሩ እስረኞችን ከሌሎች ሰዎች ጋር አነጻጽሮ የወንጀለኛ የተለየ መልክ የሚባል ነገር እንደሌለ አሳይቷል። ይህን ያገኘሁት በኋላ በራሴ ንባብ ነው፤ በዕለቱ ሊነገረን ይገባ ነበር።

ከዚያው ቀን ጋር የተያያዘ ሌላም የምነቅፈው ጉዳይ አለ፤ እርሱም የቋንቋ ነው። በተሰጠን ጽሑፍ ውስጥ «ወንጀል በዘር ይተላለፋል ወይ» የሚል ርእስ ነበር። በአማርኛ ዘር ማለት ገበሬው የሚበትነው እህል ነው፤ የአባትና የእናት ወገን ነው፤ ብሔርም ነው። ሳይንሱ የሚናገረው በአንድ ሰው ሴል ውስጥ ስላለው የዘረመል ቅንጣት ሆኖ ሳለ፣ አንባቢው በዚህች አንዲት ቃል ምክንያት ስለ ቤተሰብ ስም ወይም ስለ አንድ ሕዝብ የተነገረ አድርጎ ሊወስደው ይችላል። በዚህ ዘመን በዚህች አገር ይህን ቃል እንዲህ ዘርግቶ መተው ከባድ ጥፋት ነው። እጄን አውጥቼ ይህንኑ ስናገር አሠልጣኙ በአክብሮት ተቀበሉኝ፤ በሚቀጥለው ሳምንት የታደለው ጽሑፍም «ዘረመል» ወደሚለው ቃል ተስተካክሎ መጣ። ይህ ለማዕከሉ የሚያስመሰግን ነው።

ሁለተኛው ቅዳሜ ብቻውን ክፍያውን ያካክሳል። ያስተማሩን በዘረመል ጥናት የሠለጠኑ አንዲት መምህርት ሲሆኑ ፕሮጀክተሩን አጥፍተው በጠመኔ አስተማሩን። የጀመሩት ከዴንማርክ ነው። በ1984 እ.ኤ.አ. ሳርኖፍ ሜድኒክና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት፣ ከ1924 እስከ 1947 እ.ኤ.አ. በማደጎ የተሰጡ 14,427 ልጆች የፍርድ ቤት መዝገብ ከወላጆቻቸውና ከአሳዳጊዎቻቸው መዝገብ ጋር ተመሳከረ። ወላጆቻቸውም አሳዳጊዎቻቸውም ካልተፈረደባቸው ወንዶች ልጆች መካከል በወንጀል የተፈረደባቸው 13.5 በመቶ ነበሩ። አሳዳጊዎቹ ብቻ ተፈርዶባቸው ከሆነ ቁጥሩ 14.7፣ የሥጋ ወላጆቹ ብቻ ከሆነ 20፣ ሁለቱም ከሆነ ደግሞ 24.5 በመቶ ሆነ።

መምህርቷ እነዚህን አራት ቁጥሮች በሰሌዳው ላይ ጽፈው ወደ እኛ ዞሩና «ከሃያው በመቶ ምን ታነባላችሁ?» ብለው ጠየቁ። መርማሪው ፖሊስ «የወላጅ ደም እንደሚጎትት» አለ። እርሳቸውም መቃወም ሳይፈልጉ፣ ይልቅ የቀረውን አብረው ቆጠሩለት፤ አባቱ ወይም እናቱ ከተፈረደባቸውና በሌላ ቤት ካደጉት መቶ ልጆች ሰማንያው አልተፈረደባቸውም። በዚያ ላይ ግንኙነቱ የታየው በስርቆትና በመሳሰሉት የንብረት ወንጀሎች እንጂ በሰው አካል ላይ በሚፈጸም የኃይል ወንጀል አልነበረም። የእኛ ልጅ ደግሞ የሚከሰሰው በድብድብ ነው። ባልደረባዬ የተናገረው ተረት በሰሌዳው ላይ ካሉት ቁጥሮች ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ልጓሙ ከዘሩ ይልቅ ብዙ ጊዜ ሲያሸንፍ አየሁ።

ቀጥለው ስለ ኤምኤኦኤ ጂን አስረዱን። ይህ ጂን ሴሮቶኒንን የመሳሰሉ የአንጎል መልእክተኛ ንጥረ ነገሮችን የሚያፈርስ ኢንዛይም የሚሠራበትን መመሪያ ይይዛል፤ የሚገኘው ጂኖችን ከሚሸከሙት ክሮሞሶሞች በአንዱ፣ በኤክስ ክሮሞሶም ላይ ነው፤ ወንድ ደግሞ ኤክስ ክሮሞሶሙ አንድ ብቻ ስለሆነ በጂኑ ላይ ጉድለት ቢደርስ የሚተካለት የለም። ሃንስ ብሩነር የተባለው ሆላንዳዊ ተመራማሪ በ1993 እ.ኤ.አ. በአንድ የኔዘርላንድ ቤተሰብ ውስጥ ይህ ጂን ሙሉ በሙሉ የማይሠራባቸውን ወንዶች አገኘ፤ የአእምሮ እድገት ውሱንነት ነበረባቸው፤ ድንገተኛ ቁጣ፣ ቤት ማቃጠልና የወሲብ ጥቃት ሙከራም ታይቶባቸዋል። ነገር ግን እንዲህ ያለው ሙሉ ብልሽት በዓለም ላይ እጅግ ብርቅ ነው።

በብዙዎች ዘንድ የሚገኘው ሥራው የሚቀንስ ዓይነት ነው፤ የእርሱን ነገር ያጠኑት አቭሻሎም ካስፒ፣ ቴሪ ሞፊትና ባልደረቦቻቸው በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ በኒው ዚላንድ የዳኒደን ከተማ ከተወለዱበት ጀምሮ ክትትል የተደረገላቸውን ወንዶች መረመሩ። ዝቅተኛ ዓይነቱ ጂን ለብቻው ማንንም ወንጀለኛ አላደረገም። ጂኑ ዝቅተኛ ሆኖ በልጅነቱም በደል የደረሰበት ወንድ ግን የተለየ ሆኖ ተገኘ፤ እነዚህ ሁለቱም የተገናኙባቸው ወንዶች ከተጠኑት 12 በመቶ ብቻ ሲሆኑ በኃይል ወንጀል ከተሰጡት ፍርዶች ውስጥ 44 በመቶው የእነርሱ ነበር። ከዚያ በኋላ የተሠሩ ጥናቶች አንዳንዶቹ ይህን ውጤት ሲደግሙት ሌሎቹ አላገኙትም፤ መምህርቷ ይህንንም አልደበቁም። በዕረፍት ሰዓት አንዲት እናት «እንግዲያው የምንገርፈው እኛ ነን» ብለው ሻያቸውን ሳይጠጡ ተቀመጡ። የዚያን ቀን ትምህርት ከእርሳቸው የተሻለ የተረዳ ሰው በአዳራሹ ውስጥ አልነበረም።

ስለ ተጨማሪ ዋይ ክሮሞሶም የተነገረንም ታሪክ እንዲሁ ጠቃሚ ነው። በ1965 እ.ኤ.አ. ፓትሪሺያ ጄከብስ በስኮትላንድ አደገኛ የተባሉ ሕሙማን በጥበቃ ሥር በሚታከሙበት አንድ ሆስፒታል ባሉ ወንዶች መካከል ኤክስ ዋይ ዋይ ያላቸው፣ ማለትም አንድ ዋይ ክሮሞሶም የሚበልጣቸው፣ ከሚጠበቀው በላይ መገኘታቸውን ጻፈች። ጋዜጦች ወዲያው «የወንጀል ክሮሞሶም» አሉት፤ በ1966 እ.ኤ.አ. በቺካጎ ስምንት የነርስነት ተማሪዎችን የገደለው ሪቻርድ ስፔክም ይህ ክሮሞሶም አለበት ተብሎ በሰፊው ተወራ፤ ሲመረመር ግን አልነበረበትም። በ1976 እ.ኤ.አ. በዴንማርክ የተደረገው ሰፊ ጥናት ደግሞ እንዲህ ያሉ ወንዶች የኃይል ወንጀል እንደማያበዙ አረጋገጠ። ወሬው ግን ከጥናቱ ቀድሞ አገር አዳርሶ ነበር።

ሦስተኛው ቅዳሜ ስለ አንጎል ነበር፤ አሠልጣኙም በሆስፒታል የሚሠሩ ሐኪም ናቸው። ከመጀመሪያው አንጎልና አእምሮ የሚሉትን ቃላት ለዩልን፤ አንጎል በእጅ የሚዳሰስ፣ በምስል የሚታይ አካል ነው፤ አእምሮ ግን ማሰቡ፣ መፍረዱና ማስታወሱ ነው፤ ምስሉ የሚያሳየን የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ከዚያም የፊኒያስ ጌጅን ታሪክ ነገሩን። በ1848 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቨርሞንት የባቡር ሐዲድ ሲዘረጋ፣ አንድ ሜትር ከዐሥር ሳንቲሜትር ያህል የሚረዝምና ስድስት ኪሎ የሚመዝን ብረት በፍንዳታ ተስፈንጥሮ ከጉንጭ አጥንቱ በታች ገብቶ በዐናቱ ወጣ። ጌጅ ተረፈ፤ ጠባዩ ግን ተለወጠ፤ ትዕግሥት አጣ፤ ተሳዳቢ ሆነ፤ የቀድሞ አሠሪዎቹም አልመለሱትም። ሰዎች ታሪኩን የሚተርኩት እዚህ ላይ ቆመው ነው። ሐኪሙ ግን ቀጠሉ፤ ጌጅ በኋላ ወደ ቺሊ ሄዶ ለዓመታት የመንገደኛ ሠረገላ ነድቷል፤ ይህም ሰዓት ማክበርን፣ ፈረሶችን መቆጣጠርንና ከመንገደኞች ጋር መግባባትን የሚጠይቅ ሥራ ነው። ወንጀል ስለ መፈጸሙም የተጻፈ ነገር የለም።

በ1966 እ.ኤ.አ. በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ማማ ላይ ሆኖ ብዙ ሰው የገደለው ቻርልስ ዊትማን ከሞተ በኋላ አንጎሉ እንዲመረመር በጽሑፍ ጠይቆ ነበር፤ በአስከሬን ምርመራውም ዕጢ ተገኘ። የተሰየመው የባለሙያዎች ኮሚሽን ግን ዕጢው ለድርጊቱ ምን ያህል ድርሻ እንደነበረው በእርግጠኝነት መናገር አልቻለም። አድሪያን ሬን በ1997 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ በግድያ ተከሰው በአእምሮ ሕመም ምክንያት ተጠያቂ አይደለንም ብለው የተከራከሩ 41 ሰዎችን ከሌሎች 41 ሰዎች ጋር አነጻጽሮ፣ በግንባር በኩል ያለው የአንጎል ክፍላቸው ስኳር የሚጠቀምበት መጠን ዝቅ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ሐኪሙ ከዚህ ቀጥለው ያሉትን በደብተሬ ላይ አስምሬበታለሁ፤ የብዙ ሰዎች አማካይ ልዩነት ፊት ለፊታችን ስለተቀመጠው አንድ ሰው አይመሰክርም፤ እንዲህ ያለ ምስል ኖሯቸው በሰላም የሚኖሩ ስንት ሰዎች እንዳሉም እስረኞችን ብቻ በመመርመር አይታወቅም።

በዚህ ቀን የጎደለ ነገር ቢኖር የአካባቢያችን ነገር ነው። እርሳስ የተባለው ብረት በልጅ አንጎል ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በአንድ ገጽ አለፉት። በሲንሲናቲ ከተማ ልጆችን ከእናት ማሕፀን ጀምሮ የተከታተለው ጥናት በ2008 እ.ኤ.አ. እንዳወጣው፣ በልጅነታቸው በደማቸው ውስጥ ብዙ እርሳስ የተገኘባቸው ሰዎች አድገው በፖሊስ የተያዙበት ጊዜ ብዛት ከፍ ያለ ነው። በሰፈራችን ልጆች አሮጌ የመኪና ባትሪ ሰብረው እርሳሱን ለቁራሌው ሲሸጡ በዓይኔ አያለሁ። ለኛ ለቱሉ ዲምቱና ለኮዬ ፈጬ ሰዎች ይህ ጉዳይ ከቴክሳሱ ማማ ይልቅ የሚቀርብ ነበርና ቢያንስ አንድ ሰዓት ይገባው ነበር።

አራተኛውን ቀን ያስተማሩት የሕግ ባለሙያ ግልጽ ነበሩ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 48 አንድ ሰው በዕድሜ፣ በሕመም፣ በእድገት መዘግየት ወይም በመሳሰለው ሥነ ሕይወታዊ ምክንያት ድርጊቱን መረዳት ወይም ራሱን መቆጣጠር ሳይችል ቀርቶ ከሆነ በወንጀል እንደማይጠየቅ፣ በአንቀጽ 49 ደግሞ ኃላፊነቱ በከፊል የሆነበት ሁኔታ እንዳለ አስረዱን። ዕድሜው ከ9 ዓመት በታች የሆነ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም፤ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለውም በዐዋቂ ቅጣት አይቀጣም። ፍርድ ቤቱ ስለ ወጣቱ አስተዳደግና ኑሮ ወላጆቹንና የትምህርት ቤት ኃላፊዎችን መጠየቅ እንደሚችልም ስሰማ ደነገጥኩ፤ ምክንያቱም ነገ ስለዚያ ልጅ የምጠየቀው እኔ ልሆን እችላለሁ፤ እስከዚያ ቀን ድረስም ስለ እርሱ የማውቀው የክስ መዝገቡን ብቻ ነበር። በሌላው ዓለም ደግሞ በ2009 እ.ኤ.አ. በጣሊያን ትሪየስቴ የይግባኝ ፍርድ ቤት የአንድን ገዳይ የዘረመል ምርመራ ተመልክቶ ቅጣቱን በአንድ ዓመት እንደቀነሰ ተነገረን። ጠበቆቹ በዚህ ላይ ረጅም ክርክር አደረጉ፤ አንደኛው «ጂኑ ቅጣት የሚያስቀንስ ከሆነ ነገ አደገኛ ነው ተብሎ ዕድሜ ልክ የሚያሳስርም ይሆናል» ሲል አዳራሹ ጸጥ አለ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ እመጣለሁ። አምስተኛው ቅዳሜ የምስክር ወረቀት የሚሰጥበት ቀን ነበር። ወረቀቱ ከመታደሉ በፊት ከዚያ ቀን በፊት አይተናቸው የማናውቃቸው ሁለት ወጣቶች ወደ መድረኩ ወጡና ለልጆች «የባሕርይ ስጋት ምርመራ» የሚባል አገልግሎት አስተዋወቁ። ከልጁ ጉንጭ ውስጥ በጥጥ ናሙና ተወስዶ ወደ ውጭ አገር ይላካል፤ በራሱ ላይ ገመዶች ተለጥፈው የአንጎሉ ሞገድ ይመዘገባል፤ ከስድስት ሳምንት በኋላም ልጁ «ለጠበኝነት ያለው ዝንባሌ» በቀይ፣ በቢጫና በአረንጓዴ ቀለም ተለይቶ ለወላጅ ይሰጣል። ዋጋው 18,000 ብር ነው፤ ለሠልጣኞች ቅናሽ አለው። ከዚያም ትምህርት ቤቶች በጅምላ ቢያስመረምሩ ዋጋው ይበልጥ እንደሚቀንስ ተናገሩና ወደ እኛ ወደ መምህራኑ ተመለከቱ።

በአራት ቅዳሜዎች የተማርነው ሁሉ ይህን ይቃወማል። የኒው ዚላንዱ ጥናት ጂኑ ብቻውን ምንም እንዳላደረገ ነግሮናል፤ የልጁን ጉንጭ የሚጠርገው ጥጥ ግን በቤቱ ስለሚሆነው ነገር አይናገርም። ቀይ ቀለም የተሰጠው ልጅ ነገ በአስተማሪው፣ በጎረቤቱና በገዛ አባቱ ዓይን ምን ሆኖ እንደሚታይ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያሻም። አያቶቻችን የነገሩን ሌባሻይ ትዝ አለኝ። አንድ ሕፃን የሚያሰክር መድኃኒት ይጠጣና በመቀነት ተይዞ በየመንደሩ እየተንገዳገደ ይሄዳል፤ ወድቆ የተኛበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ዕዳ ይከፍላል፤ ማስረጃም አይጠየቅም፤ ምክንያቱም መድኃኒቱ ተናግሯል። ያን ሥርዐት የተውነው የሰውን ጥፋት በድርጊቱና በምስክር ልንመዝን ወስነን ነው። አሁን በሕፃኑ ምትክ ማሽን አቁመን፣ ጥፋት ገና ያልሠራ ልጅ ደጃፍ ላይ እንዲወድቅ መፍቀድ ለእኔ ፈጽሞ ተቀባይነት የለውም።

ከእናቶቹ ሁለቱ በዚያው ሰዓት ተመዘገቡ። ከመካከላቸው አንዷ ሻያቸውን ሳይጠጡ የቀሩት ነበሩ፤ ይህን ሳይ ልቤ ተነካ። የዘረመል መምህርቷ በዚያ ቀን በአዳራሹ አልነበሩም፤ በኋላ ስልክ ደውዬ ስነግራቸው አገልግሎቱን እንደማያውቁትና ስማቸው ከእርሱ ጋር እንዲያያዝ እንደማይፈልጉ ነገሩኝ። በደብዳቤዬ የጠየቅሁት ሁለት ነገር ነው፤ የምርመራ ሽያጩ ከሥልጠናው ሙሉ በሙሉ እንዲለይና ለተመዘገቡት ወላጆች ገንዘባቸው እንዲመለስ። ልጃቸው በእውነት ያሳሰባቸው ወላጆች በመጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ፣ እንደ አስፈላጊነቱም ሪፈር ተጽፎላቸው እንደ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወዳለ ተቋም ቢሄዱ፣ ልጁንም እነርሱንም ተቀምጦ የሚያዳምጥ ባለሙያ ያገኛሉ።

ሥልጠናውን ግን ለመምህራን፣ ለፖሊሶችና ለማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞች እመክራለሁ፤ በተለይ ሁለተኛውና ሦስተኛው ቅዳሜ በሌላ ቦታ በዚህ ዋጋ የሚገኙ አይመስለኝም። ምርመራውን ለማንም አልመክርም።

ከአራተኛው ቅዳሜ በኋላ በነበረው ሰኞ ወደ ልጁ ቤት ሄጄ ነበር። የሚያሳድጉት አያቱ ናቸው፤ በኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ሐኪሙ በእስረኞች መካከል በራሳቸው ላይ ጉዳት የደረሰባቸው ሰዎች ከሌላው ሕዝብ ይልቅ በዝተው እንደሚገኙ ተናግረው ስለነበር፣ «እማማ፣ ይህ ልጅ ወድቆ ወይም ተመትቶ ያውቃል ወይ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «መምህር፣ ይኸን የጠየቀኝ ሰው የለም» አሉ። የዛሬ ሁለት ዓመት ባጃጅ ተገልብጦበት ራሱን ስቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ራሱን ያመዋል፤ ሌሊት አይተኛም፤ ጫጫታ ሲሰማ ይቆጣል። አባቱ የታሰረው ከዚያ በኋላ ነው። ከጤና ጣቢያው ሪፈር ተጽፎለታል፤ ቀጠሮው ለግንቦት 12 ነው፤ አብሬው የምሄደውም እኔ ነኝ።